ላዳዋ ሰማንያ ላይ ለምን ትንቀጠቀጣለች?

ለአሮጌ መኪና ባለቤቶችና ለጀማሪ መካኒኮች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ? ወንበር ያላገኛችሁ ወደፊት ኑ፤ እዚህ ቦታ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለውንም ሻፍት፣ የሞተሩን ዙር ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ፣ በቅርብ ታዩታላችሁ። ኋላ እመለስበታለሁ፤ ግራሶ ስላለው ልብሳችሁን ጠብቁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ በሽታ ብቻ ነው። መኪናው ከቦሌ ፒያሳ ሲመላለስ ደህና ነው። ሃምሳ መች ያልፍና! አንድ ቀን ቤተሰብ ይጫንና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ይገባል። ሰባ ላይ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር ይጀምራል። ሰማንያ ላይ የውስጥ መስታወቱ ይርገበገባል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሁለት ሆኖ ይታያል። ዘጠና ላይ ወይ ይተዋል ወይ ይብሳል። ሹፌሩ ሬዲዮውን ያጠፋና አዳማ እስኪደርስ ወለሉን ሲያዳምጥ ይነዳል።

በማግስቱ ምን ይደረጋል? ጎሚስታ ጋ ይኬዳል። ባላንስ ይሠራል፤ አልተወም። ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛል፤ አልተወም። ጋራዥ ይገባል፣ "ክሮቼራ ነው" ይባላል፤ ሻፍቱ የሚታጠፍበት መስቀል መጋጠሚያ ማለት ነው፤ ይቀየራል። ለሁለት ቀን የተሻለ ይመስላል። ገንዘብ የወጣበት ነገር ሁሌም ለሁለት ቀን የተሻለ ይመስላል። ከዚያ "አሞርዛተሩ ይሆናል" ይባላል፣ ቀጥሎ "ዲፈረንሻሉ ነው" ይባላል፣ በመጨረሻ "አሮጌ መኪና እንዲህ ነው፣ ልመደው" ይባላል።

ይቺን የመጨረሻዋን አልቀበልም። አሮጌ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ አይንቀጠቀጥም ነበር። አሁን ከተንቀጠቀጠ የተጣመመ፣ የላላ፣ የተበላ ወይም ሚዛኑ የጠፋ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ደግሞ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኖብናል። ስለዚህ ነገሩን በግምት ሳይሆን በሥርዓት እንየው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የመፍቻ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን ንዱት። ንዝረቱ ከምን ጋር አብሮ እንደሚሄድ ለዩ። ከመንገዱ ፍጥነት ጋር ነው? ከሞተሩ ዙር ጋር ነው? ወይስ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ይለዋወጣል? እነዚህን ሳትመልሱ መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ አትውረዱ።

ምሳሌዬ ላዳ ናት። ምክንያት አለኝ። አብዛኞቻችሁ ተሳፍራችሁባታል፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ስንት ዘመን አገልግላለች። ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት፤ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ጀመሩ። ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። የሆዷ አሠራር ደግሞ ለትምህርት የተመቸ ነው፤ ሊያንቀጠቅጥ የሚችል ነገር ሁሉ ተሟልቶላታል። ዲኤክስ ቶዮታ የያዛችሁም፣ ሚኒባስ የምትነዱም፣ ፒክአፕ ያላችሁም አትቀየሙ። መርሁ አንድ ነው።

ከፊት እንጀምር። ሞተር፣ ቀጥሎ ፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)። ከካምቢዮው መውጫ ላይ ስድስት ቀዳዳ ያለው ወፍራም ላስቲክ አለ። ከሱ የፊተኛው አጭር ሻፍት ይነሳል። ሻፍቱ መሃል ላይ በላስቲክ በተያዘ ኩሽኔታ ይደገፋል። ከዚያ ክሮቼራ፣ ረጅሙ የኋላ ሻፍት፣ ሌላ ክሮቼራ፣ ከዚያ ዙሩን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል። ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ አክስሎቹ፣ ታምቡሮቹና ጎማዎቹ። ሌላ መኪና ላይ ሻፍቱ አንድ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ የመሃል ኩሽኔታም ላይኖረው ይችላል። ሥሩ ገብታችሁ እዩ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አትፍሩ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የላዳ 2107 ጎማ 175/70 13 ነው። አንድ ዙር ሲዞር በግምት 1.8 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 22 ሜትር ነው። ስለዚህ ጎማው በሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል (12.3) ይዞራል። ሻፍቱስ? የላዳ ዲፈረንሻል እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ አውቶሞቢሎቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3.9 እስከ 4.3 ነው። 3.9 ከሆነ ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። 12.3ን በ3.9 ስታባዙ ሻፍቱ በሴኮንድ 48 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ በደቂቃ 2,900 ዙር አካባቢ ማለት ነው። ክሮቼራ ደግሞ ማዕዘኑ ከተበላሸ በአንድ ዙር ሁለቴ ነው የሚመታው። እሱ በሴኮንድ 96 ይሆናል።

12፣ 48፣ 96። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ሰውነታችሁ ይለያቸዋል። በሴኮንድ 12 ጊዜ የሚመታ ነገር መንቀጥቀጥ ነው። ጭናችሁ ላይ ያለው ሥጋ ሲርገበገብ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በሴኮንድ 48 ጊዜ የሚመታው ግን ንዝረት ነው። የማርሽ ዘንጉ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ መዳፋችሁ ይደነዝዛል፤ የጎን መስታወቱ ላይ ያለው ምስል ይደበዝዛል። 96 ሲሆን ደግሞ ከስሜት ይልቅ ድምፅ ነው፤ ጆሮ የሚያፍን "ሁምምም" ይሆናል። ይህን ብቻ የለየ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጎማ ሰማንያ ላይ መዳፍ አያደነዝዝም። ሻፍትም ጭን አያርገበግብም።

በስሜት አላምንም የሚል በስልኩ ይለካ። የስልኩን የእንቅስቃሴ ዳሳሽ አንብበው ንዝረቱ በሴኮንድ ስንቴ እንደሚመታ የሚያሳዩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ስልኩን ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣብቁት፤ ኪስ ውስጥ አይሠራም። ፍጥነቱንም ከስልኩ ጂፒኤስ ውሰዱ። የአሮጌ መኪና ቆጣሪ ሰማንያ ሲል ሰባ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሒሳባችሁ ሁሉ ገደል ይገባል።

አሁን ወደ መንገድ እንውጣ። ጭር ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ መንገድ ፈልጉ። አጠገባችሁ የሚጽፍ ሰው ይቀመጥ። እየነዱ መጻፍ አይሆንም።

መጀመሪያ በአራተኛ ማርሽ ቀስ እያላችሁ ፍጥነት ጨምሩ። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚብስ፣ የት እንደሚተው ይመዝገብ። ከዚያ በዚያው ፍጥነት ማርሽ ቀይሩ። ይህ ፈተና ወርቅ ነው፤ ለላዳ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል። ለምን መሰላችሁ? የላዳ አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ ሞተሩና ሻፍቱ እኩል ነው የሚዞሩት። በአራተኛ እየነዳችሁ በሴኮንድ 48 የሚል ንዝረት ብታገኙ ሞተሩ ይሁን ሻፍቱ አታውቁም። ወደ ሦስተኛ መልሱት። ፍጥነቱ ያው 80 ነው፣ ሻፍቱም በዚያው 2,900 ነው። ሞተሩ ግን ወደ 3,900 ይወጣል። ንዝረቱ ሳይለወጥ በቦታው ካለ ችግሩ ከካምቢዮው በኋላ ነው። ጠባዩን ከለወጠ ወይም ከጠፋ ወደ ሞተሩና ወደ ፍሪሲዮኑ ዙሩ።

ሦስተኛው ፈተና ጭነት ነው። በዚያው ፍጥነት ነዳጅ ጫን አድርጉ፣ ከዚያ እግራችሁን አንሱ፣ ከዚያ ፎሌ አድርጋችሁ (ማርሹን ነፃ አውጥታችሁ) ልቀቁት። ሞተሩ ግን አይጥፋ! ሞተር ከጠፋ የፍሬን አጋዡ ይዳከማል፤ ቁልፉ ወደኋላ ከዞረ ደግሞ መሪ ሊቆልፍ ይችላል። ፎሌ ላይ ሆኖም በዚያው ፍጥነት እንደዚያው ከተንቀጠቀጠ ጎማ፣ አክስል ወይም የሻፍት ሚዛን ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ መጥቶ ስትለቁ ከጠፋ የተበላ ክሮቼራን፣ የተሰበረ የሞተር ወይም የካምቢዮ ሱፖርትን (መደገፊያውን)፣ ወይም የሻፍቱን ማዕዘን ጠርጥሩ። ስትለቁ ብቻ የሚጮህ ዲፈረንሻልም አለ። ያ ግን ከንዝረት ይልቅ ዋይታ ነው፤ ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

በመጨረሻ መኪናውን አቁማችሁ በፎሌ ሞተሩን ብቻ ወደ 2,900 አውጡት። ቆሞም ከነዘረ ንዝረቱ ከጎማ ጋር አይገናኝም። ካንዴላ፣ የሞተር ሱፖርት ወይም ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት) ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ) ብቻ ተንቀጥቅጦ ከፍ ሲል የሚተውም ያው የሞተር ወገን ነው።

ጎማን ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። መሪ የሚያርገበግብ ከፊት ነው፣ ወንበር የሚያርገበግብ ከኋላ። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ ይሠራል። የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ቀይሩ። ንዝረቱ ቦታ ከቀየረ ጎማ ወይም ቸርኬ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የባላንስ ማሽን ክብደት ነው የሚለካው፤ ክብነትን አይለካም። ውስጡ የተላቀቀ ጎማ፣ የተጣመመ ቸርኬ ማሽኑ ላይ "ዜሮ ዜሮ" ሊል ይችላል። ጎማውን ክሪክ ላይ አንሱት፣ አጠገቡ የቆመ ነገር አስጠጉ፣ በእጃችሁ አዙሩት። ወደ ላይ ወደ ታች ከዘለለ ወይም ግራ ቀኝ ከተወላገደ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

እሺ፣ አሁን ወደዚህ ሻፍት።

ይህ የአንድ ላዳ የኋላ ሻፍት ነው። ባለቤቱ ቅድም የነገርኳችሁን መንገድ ሁሉ ሄዷል። ባላንስ፣ ጎማ፣ ክሮቼራ፣ ሁሉንም አድርጓል። ክሮቼራውን የቀየሩለት ሌላ ቦታ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ነዳነው። ሰባ አምስት ላይ ይጀምራል፣ መዳፍ ያደነዝዛል፣ ማርሽ ስንቀይር አይለወጥም፣ ፎሌም ላይ አለ። ጎማ አይደለም፤ ጎማ እንዲህ አይፈጥንም። ሞተርም አይደለም። ያለምንም ቁልፍ ሻፍት ላይ ደረስን።

ከዚያ ሥሩ ገባን። ኑ፣ እዚህ ጋ እዩት። ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። በዓይን እምብዛም አይታይም፤ ጣታችሁን አሳልፉበት። አዎ፣ እሱ ነው። አንድ ሰው ክሪክ ሻፍቱ ላይ አስደግፎ መኪናውን አንስቷል። ቱቦው ስስ ብረት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። መኪና ለመሸከም አልተሠራም። አሁን ደግሞ ወደዚህ ጫፍ እዩ። ቀለሙ አራት ማዕዘን ሆኖ የነጣ ቦታ አለ፣ ዙሪያው የብየዳ ነጥብ ይታያል። እዚያ የሚዛን ክብደት ነበር፤ የለም። ክሮቼራው ሲወጣ በመዶሻ ተመትቶ ረግፏል ብዬ ነው የማስበው። አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት ናት። ማንም አላያትም።

አንዲት ብረት ይህን ሁሉ ታመጣለች ወይ? እንዝርት ላይ ክሩ ወደ አንድ ወገን ሲከማች እንዝርቱ እንዴት እንደሚወላገድ አይታችኋል። ሻፍትም ያው ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ቁጥር ልስጣችሁ። ዲያሜትሩ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሻፍት ላይ 20 ግራም ብቻ ሚዛን ቢጎድል፣ ሰማንያ ላይ ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል ኃይል ሆኖ ይጎትተዋል፤ በሴኮንድ 48 ጊዜ አቅጣጫ እየቀየረ። አርባ ላይ ይህ ኃይል ሩብ ብቻ ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና። ከተማ ውስጥ የማይታወቀውም ለዚህ ነው።

ሻፍት የተጣመመ መሆኑን እንዴት እናረጋግጥ? መወላገድ የሚለካበት መለኪያ ሰዓት ያለው በሱ ይለካ፤ መሃል ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መወላገድ ካለ ሻፍቱ አይታመንም። የሌለው በጠመኔ ይሥራ። የፊት ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው፣ የኋላው አክስል በሁለቱም በኩል ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ይቀመጥ። አክስሉ ነው የሚደገፈው፤ ሻሲው አይደለም። ሻሲውን ከደገፋችሁ አክስሉ ይንጠለጠላል፣ የሻፍቱ ማዕዘን ይበላሻል፣ ያልነበረ ንዝረት ትፈጥራላችሁ። ፎሌ ይሁን፣ ሞተሩም ጠፍቶ ይሁን። አንደኛው የኋላ ጎማ ተይዞ ሌላውን አንድ ሰው በእጁ ቀስ አድርጎ ያዙር። እናንተ ጠመኔውን በድንጋይ ወይም በጣውላ አስደግፋችሁ ወደ ሻፍቱ አስጠጉ። ዙሪያውን እኩል ከነካ ቀጥ ያለ ነው። አንዱን ወገን ብቻ ከነካ ያ ወገን ወጥቷል። ሞተር አስነስቶ ሥር መግባት ግን ክልክል ነው። ልብስ ከያዛችሁ አይለቅም።

ቀጥ ያለ ሆኖ ሚዛኑ ብቻ የጎደለ ሻፍት ላይ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው፣ ዲፈረንሻሉ ላይ የታሰረባቸውን አራት ቡሎኖች ፈታችሁ ሻፍቱን ግማሽ ዙር አዙራችሁ መልሳችሁ ማሰር ነው። የሻፍቱ ከባድ ወገንና የፍላንጁ (ሻፍቱ የሚታሰርበት ክብ ብረት) ከባድ ወገን አንድ ላይ ወድቀው ከሆነ ይለያያሉ። ምንም አያስወጣም።

ሁለተኛው ፋሸታ ነው። አዎ፣ የራዲያተር ቱቦ የሚታሰርበት ፋሸታ። ሻፍቱን ከኋለኛው ጫፍ አካባቢ በጠመኔ አራት ቦታ ክፈሉ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጻፉ። ፋሸታውን እሰሩ፣ ጠመዝማዛው 1 ላይ ይሁን። ንዱ። ከዚያ ወደ 2 አዙሩት፣ ንዱ። አንዱ ቦታ ላይ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ተቃራኒው ላይ ይብሳል። የተሻለውን ያዙ። ካልበቃው ሁለተኛ ፋሸታ ጨምሩ፤ ሁለቱን ጠመዝማዞች ቀስ በቀስ እያራራቃችሁ ሞክሩ። ብዙ ሰው ይስቃል፤ የውጭ መካኒኮችም ከጥንት የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ሻፍት ባላንስ የሚሠራ ማሽን ካገኛችሁ ግን እሱን ምረጡ። ይህን ጎድጓዳ ሻፍት ፋሸታ አያድነውም። ቱቦው መቀየር ነበረበት፤ ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ ያለው።

አሁን ክሮቼራ። ክሮቼራ ሲሞት ድምፅ ይሰጣል። ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ እንደ ወፍ "ጭው ጭው" ይላል፤ ከፊት ማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ስትቀይሩ "ኳ!" ይላል። ክዳኑ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ደርቋል። ሻፍቱን ፈትታችሁ በእጃችሁ አጣጥፉት። መሃል ላይ ሲደርስ እንደ መያዝ ካደረገው ውስጡ ያሉት የኩሽኔታ መርፌዎች ብረቱን ቆፍረውታል፤ ይቀየር።

ሲቀየር ግን ተጠንቀቁ። ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት! ሻፍትና ፍላንጅ፣ የፊተኛውና የኋለኛው ሻፍት፣ ሁሉም እንደነበረ መመለስ አለበት። በአንድነት ነው ሚዛናቸው የተሠራው። ሁለት ክሮቼራ መሃል የሚንሸራተት ጥርስ ያለው ሻፍት ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች አንድ አቅጣጫ መያዝ አለባቸው። አንድ ጥርስ ተሳስታችሁ ከሰካችሁት አዲስ ክሮቼራ ገብቶ እንኳ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ሌላው የክሮቼራው ማቆሚያ ቀለበት ነው። ለላዳ ከ1.50 እስከ 1.62 ሚሊ ሜትር ድረስ በተለያየ ውፍረት ይሠራል። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መስቀሉ ትክክል መሃል ላይ እንዲቆም በውፍረቱ ታስተካክላላችሁ። መስቀሉ ወደ አንድ ወገን ከሄደ ሻፍቱ ሙሉ ወደዚያ ወገን ሄደ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን እጅ ላይ የተገኘው ቀለበት ይገባል፣ በመዶሻ ይጠጋል፣ "አለቀ፣ ንዳው" ይባላል።

ማዕዘን የሚባለውን ብዙ ሰው ይፈራዋል። ቀላል ነው። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር የሚቀበለውን ዙር እኩል አያስተላልፍም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። በ3 ዲግሪ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅም አይሞላም፤ በጣም ትንሽ ነው። በ10 ዲግሪ ግን በመቶ 1.5 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ከኋላ ያለው ሁለተኛው ክሮቼራ በዚያው ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ከታጠፈ የመጀመሪያውን ስህተት ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ሁለቱ ማዕዘኖች እንዲመጣጠኑ ነው፤ ልዩነታቸው ከአንድ ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነው። ስልካችሁ ላይ ዲግሪ መለኪያ አለ። ካምቢዮው ላይ፣ ሻፍቱ ላይ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ አስቀምጡና አንብቡ፤ መኪናው በጎማው ወይም በአክስሉ ቆሞ። ማዕዘኑ ጭራሽ ዜሮ እንዲሆንም አይፈለግም። መርፌዎቹ ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ እየቆፈሩ ይቀራሉ።

አንድ ወንድማችን እጃቸውን አውጥተዋል። "ሚኒባሴ ባዶ ሲሆን ስነሳ ይንዘፈዘፋል፤ ሲሞላ ይተዋል" ይላሉ። ባሌስትራ አስጨምረዋል እንዴ? አስጨምረዋል። እንግዲያው መልሱ እሱ ጋ ይመስለኛል። ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ኋላ ከፍ ይላል፣ አክስሉ ወደ ታች ይርቃል፣ የሻፍቱ ማዕዘን ይበዛል። ሰው ሲሞላ ተመልሶ ይወርዳል፣ ማዕዘኑም ይስተካከላል። ባዶውንም ሙሉውንም በስልክዎ ይለኩ፤ ልዩነቱን ያዩታል። በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የሚገባ ሽብልቅ ብረት ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። ግን በየትኛው አቅጣጫና በስንት ዲግሪ እንደሚገባ ሳይለኩ እንዳያሠሩ።

ሲነሳ መንዘፍዘፍ ላዳ ላይም አለ፤ እዚያ ግን መጀመሪያ የማየው የመሃል ኩሽኔታውንና ባለ ስድስት ቀዳዳውን ላስቲክ ነው። የኩሽኔታው ላስቲክ ሲበጣጠስ መኪናው ሲነሳ ሻፍቱ ወደ ላይ ይዘላል፣ ወለሉን ይመታል። ከሥር ገብታችሁ ሻፍቱን በእጃችሁ ወደ ላይ ግፉት። ትንሽ መለመጥ ደንብ ነው፤ እንደ ልቡ የሚዋኝ ከሆነ ግን ሞቷል። ስድስት ቀዳዳውን ላስቲክ ደግሞ ቀዳዳዎቹ መሃል ላይ ጠምዝዛችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። አዲሱ ሲገዛ ዙሪያውን የሚያጠብቅ የብረት ቀበቶ አለው። ቀበቶውን ቡሎኖቹ ሁሉ ገብተው ሳያልቁ አትፍቱ። ቀድሞ የተፈታ እንደሆነ ላስቲኩ ያብጣል፣ ቀዳዳዎቹ ከቡሎኑ ጋር አይገጥሙም፣ ከዚያ መዶሻ ይመጣል።

እህታችን ደግሞ "ፍሬን ስይዝ ብቻ መሪው ይርገበገባል" ብላለች። ያ ዛሬ ከምናወራው አይገባም፤ የፊት ዲስክሽን አሳዪ። ፍሬን ስትይዢ ከወንበር ሥር ከመጣ ግን የኋላ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ እንበተናለን። "አሮጌ ሻፍት ሶማሌ ተራ ስገዛ ምን ልይ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባውን አትመን፤ ቀለም ጎድጓዳም ብየዳም ይሸፍናል። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረገው። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፍህ አሳልፍ። የሚዛን ክብደቶቹ በቦታቸው መሆናቸውን እይ፤ ነጥቶ የቀረ አራት ማዕዘን ካየህ ተወው። ቱቦው መሃል ላይ የብየዳ ዙሪያ ካለ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ክሮቼራዎቹን አጣጥፋቸው፣ የሚይዝ ቦታ ፈልግ። ርዝመቱን ከራስህ ጋር አስተያይ፤ ሜትር ይዘህ ሂድ። ከዚያ ሁለት እኩል የሆኑ የእንጨት መደገፊያ ላይ ጫፍና ጫፉን አስቀምጠውና ይወላገድ እንደሆነ እያየህ በእጅህ አንከባለው። ነጋዴው "ወንድሜ፣ ትገዛለህ ወይስ ትጫወታለህ?" ይልሃል። አንከባለው።